ሰንጠረዥን የወለደው ሰንጠረዥ

የኮምፒውተር ቼዝ ታሪክ ሲተረክ ሁሌም የሚያልቀው አንድ ቦታ ነው፤ ኒው ዮርክ፣ ሜይ 11 ቀን 1997። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ በአይቢኤሙ ዲፕ ብሉ 3.5 ለ 2.5 ተሸነፈ። ማሽኑ በአንድ ሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን አቋም ይመረምር ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ነገር ሁሉ ወደዚያ ቀን የሚወስድ መንገድ ተደርጎ ነው የሚነገረን። ቱሪንግ ጀመረው፣ ሻነን ቀመረው፣ ዩኒቨርሲቲዎች አሻሻሉት፣ አይቢኤም ጨረሰው። በቃ።

ይሄ ትረካ ውሸት አይደለም። ግን የጉልበት ታሪክ ብቻ ነው። ማን ማንን ረታ፣ በስንት ሴኮንድ፣ በስንት እርምጃ። እንዲህ ባለ መዝገብ ውስጥ ደካማ ተጫዋች ስም የለውም። ማይክሮቼስ የሚባለውን ፕሮግራም ብዙ ሰው የማያውቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ማይክሮቼስ ደካማ ነበር። ቼዝን ትንሽ የለመደ ሰው ይረታዋል። የመጀመሪያው ቅጂ ካስሊንግ እንኳን አያውቅም። ሆኖም ግን ስልካችሁ ላይ ከፍላችሁ ጌም ስታወርዱ፣ ወይም ቢሮ ገብታችሁ ኤክሴል ስትከፍቱ፣ በእጃችሁ ያለው ነገር በዘር ቆጠራ ከዲፕ ብሉ ይልቅ ለማይክሮቼስ ይቀርባል። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ባለቤት የሌለው ጨዋታ

ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ከኮምፒውተር ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። አለን ቱሪንግ ከባልደረባው ከዴቪድ ቻምፐርናውን ጋር በ1948 ቱሮቻምፕ የሚባል የቼዝ ፕሮግራም ነደፈ። ፕሮግራሙን የሚችል ማሽን ስላልነበረ በ1952 ቱሪንግ ራሱ ማሽኑን ሆኖ ተጫወተ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሕጎቹን አንድ በአንድ እየተከተለ። ተሸነፈም። በ1950 ደግሞ ክሎድ ሻነን ኮምፒውተርን ቼዝ ማስተማር የሚቻልበትን መንገድ የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አላረጀም። እርምጃዎቹን ወደፊት እየሄድክ መርምር፣ የምትደርስበትን አቋም በቁጥር መዝን፣ የተሻለውን ምረጥ። የጨዋታውን ዛፍ እስከ መጨረሻው ቆጥሮ መጨረስ እንደማይቻልም ያኔውኑ ነግሮናል። በእሱ ግምት ሊኖሩ የሚችሉት ጨዋታዎች ብዛት 1 ብሎ ጎኑ ላይ 120 ዜሮ መደርደር ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ትልልቅ ማሽኖች ገባ። በ1956 ሎስ አላሞስ የኒውክሌር ቤተ ሙከራ ውስጥ ማኒያክ የሚባለው ኮምፒውተር በ6 በ6 ሰሌዳ፣ ያለ ቢሾፕ ተጫወተ። ሙሉው ሰሌዳ ከበደው። በ1967 የኤምአይቲው ማክ ሃክ ከሰዎች ጋር ውድድር ገብቶ የተሰለፈ የመጀመሪያው ፕሮግራም ሆነ።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ማንም ሰው ቤቱ ወስዶ ሊጫወትባቸው አይችልም ነበር። ማሽኑ የመንግሥት ወይም የዩኒቨርሲቲ ነው። ፕሮግራሙ የምርምር ሥራ ነው። ተጫዋች አለ፣ ተመልካች አለ፣ ገዢ ግን የለም። እንደ ምርት ካየነው የኮምፒውተር ቼዝ ለሃያ ምናምን ዓመት ባለቤት የሌለው ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል።

ስድስት ቁጥር የምታሳይ ሰሌዳ

በ1975 ኤምኦኤስ ቴክኖሎጂ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ 6502 የተባለ ቺፕ በ25 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በጊዜው ተመሳሳይ ቺፖች በብዙ እጥፍ ይሸጡ ስለነበር መሐንዲሶች ዋጋውን ለማመን ተቸግረው ነበር። ይሄው ቺፕ ኋላ አፕል 2 ውስጥ ገባ፤ ዘመዶቹም ኒንቴንዶ ድረስ ዘለቁ። ኩባንያው መሐንዲሶች ቺፑን እንዲለማመዱበት ብሎ በ1976 ኪም-1 የምትባል ኮምፒውተር አወጣ። ዋጋዋ 245 ዶላር።

ኮምፒውተር ስላችሁ ስክሪንና ኪቦርድ እንዳታስቡ። ኪም-1 ሽፋን የሌላት አንዲት ሰሌዳ ናት። ኃይል የሚሰጣትን ዕቃ እንኳን ለብቻው ነው የምትገዙት። የድሮ ካልኩሌተር የመሰሉ 23 ቁልፎች አሏት። ከላያቸው ስድስት ቀይ አሃዞች የሚበሩበት ማሳያ አለ። ፍጥነቷ 1 ሜጋኸርዝ ነው። ሜሞሪዋ ደግሞ 1 ኪሎባይትና ትንሽ ትርፍ፤ በድምሩ 1,152 ባይት።

ፒተር ጄኒንግስ ቶሮንቶ፣ ካናዳ የሚኖር ወጣት ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ አካባቢ። በ1976 ኪም-1 ገዛ፤ ከዚያም ቼዝ እንድትጫወት ላደርጋት ብሎ ተነሣ። ተጨማሪ ሜሞሪ ሳይገጥም፣ ፋብሪካው በሠራት መልኳ።

ሠርቶ ሲጨርስ ፕሮግራሙ 924 ባይት ሆነ።

ይሄ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በእኛው ፊደል እንለካው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አሠራር ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ 924 ባይት 308 ፊደል ነው፤ ክፍተትና ነጥብ ሳንቆጥር። የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ብቻቸውን ከዚያ ይበልጣሉ። እኔ ለሥራ የምከፍታቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ ከ924 ባይት የሚያንስ ፋይል ካለ ብዙውን ጊዜ የሴቲንግ ፋይል ነው፤ ምንም አይሠራም። ጄኒንግስ እዚያች ቦታ ላይ የቼዝ ሰሌዳን፣ የጠጠሮቹን አካሄድ፣ አስቀድሞ የማየትንና የመምረጥን ሥራ በሙሉ አስገባ።

እንዴት ገባ?

ኮዱ የታተመ ስለሆነ ውስጡን ገብቶ ማየት ይቻላል። እዚህ አንዲት ብልሃት ብቻ ላሳያችሁ፤ ፕሮግራም ባትጽፉም ትገባችኋለች።

ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ይሄ ጠጠር እዚያ ቢሄድ ከሰሌዳው ይወጣል ወይ?» የተለመደው መልስ ረድፉ ከ0 ያንሳል ወይ፣ ከ7 ይበልጣል ወይ፣ ዓምዱስ ብሎ አራት ጊዜ ማረጋገጥ ነው። አራት ማረጋገጫ ማለት ደግሞ ባይት ነው፣ ጊዜ ነው። ሁለቱም የሉም።

ማይክሮቼስ ላይ እያንዳንዱ ካሬ በሁለት አሃዝ ይጠራል። የመጀመሪያው ረድፉ ነው፣ ሁለተኛው ዓምዱ፤ ሁለቱም ከ0 እስከ 7። ማሽኑ ግን ለእያንዳንዱ አሃዝ የሚሰጠው ቦታ አራት ቢት ነው። ከ0 እስከ 7 ለመጻፍ ሦስት ቢት ይበቃል፤ አራተኛው ሁልጊዜ ባዶውን ይቀመጣል። አሁን 37 ላይ ያለች ጠጠር አንድ ዓምድ ወደ ጎን ስትሄድ 38 ትሆናለች። 8ን ለመጻፍ ያ ሥራ ፈት አራተኛ ቢት መብራት አለበት። 75 ላይ ያለችው አንድ ረድፍ ወደፊት ስትሄድ ደግሞ 85 ትሆናለች፤ እዚያም የመጀመሪያው አሃዝ አራተኛ ቢት ይበራል። በየትኛውም አቅጣጫ ከሰሌዳው የወጣች ጠጠር ከሁለቱ አንዱን ቢት ታበራለች። ስለዚህ ፕሮግራሙ አራት ጊዜ አይጠይቅም። ሁለቱን ቢቶች በአንድ ትእዛዝ ያያቸዋል፤ አንዱ በርቶ ካገኘው እርምጃውን ይጥለዋል። ይሄ ዘዴ ኋላ በቼዝ ፕሮግራመሮች ዘንድ የታወቀ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል።

እርምጃ የመምረጡም ሥራ ቆጥቦ ማደር ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን የራሱን እርምጃ ይሞክራል። ከዚያ ይቆጥራል፤ ይህን ካደረግኩ ስንት መንቀሳቀሻ ይኖረኛል? ምን እበላለሁ? ተጋጣሚዬስ መልሶ ምን ይበላኛል? መበላላቱን ለተወሰነ ርቀት ይከተለዋል። ቁጥሮቹን ደምሮና ቀንሶ ለእርምጃው ነጥብ ይሰጠዋል። ወደ ሰሌዳው መሐል አካባቢ ወዳሉ አራት ካሬዎች የሚሄድ እርምጃ ትንሽ ጉርሻ አለው። ከኋላ ረድፍ የሚወጣ ጠጠርም እንዲሁ፤ ንጉሡ ካልሆነ። «ጠጠሮችህን ቶሎ አውጣ፣ መሐሉን ያዝ» የሚለው የጀማሪ ምክር እዚህ ጥቂት ባይቶች ሆኖ ተቀምጧል። ለጅማሬው ደግሞ አንድ የታወቀ የቼዝ አከፋፈት በቃሉ እንዲይዝ ተደርጓል።

የጎደለውም ግልጽ ነው። ካስሊንግ አልተጻፈለትም። ወታደር በጎን ስታልፍ የምትበላበት አን ፓሳን የሚባለው ሕግም የለም። ባይት አልቋል። ጄኒንግስ ሙሉውን ቼዝ ሳይሆን የሚበቃውን ቼዝ ጻፈ።

ስትጫወቱ እንዲህ ነበር። ጠረጴዛ ላይ እውነተኛ የቼዝ ሰሌዳ ትዘረጋላችሁ፤ ኪም-1 ሰሌዳ የምትስልበት ስክሪን የላትም። የናንተን እርምጃ በቁጥር ትነካላችሁ። ማሽኗ ታስባለች፤ እንደመረጣችሁት ደረጃ ጥቂት ሴኮንድ ወይም ከአንድ ደቂቃ በላይ። ማሳያው ሲያስብ ይርገበገባል። ከዚያ ስድስት አሃዝ ይበራል። የትኛው ጠጠር፣ ከየት፣ ወደየት። ከንጉሡ ፊት ያለችው ወታደር ከ13 ወደ 33። እጃችሁን ዘርግታችሁ የማሽኗን ወታደር እናንተው ታንቀሳቅሱላታላችሁ። ግማሹ ጨዋታ ጠረጴዛው ላይ፣ ግማሹ ቺፑ ውስጥ ነው።

አሥር ዶላር

እስካሁን ያወራሁት የአንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ታሪክ ነው። ጎበዝ ፕሮግራመር ደግሞ ያኔም ሞልቷል። ማይክሮቼስን ልዩ ያደረገው ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የሃያ ዓመቱ ቢል ጌትስ የቤት ኮምፒውተር ለሚሠሩ አማተሮች የቁጣ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ማይክሮሶፍት የሠራውን ቤዚክ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ የከፈለው ግን ከአሥር አንድ አይሞላም የሚል። ጊዜው ሶፍትዌር ማለት ጓደኛ ለጓደኛ የሚገለብጠው ነገር የነበረበት ነው። ለቺፕ መክፈል ያስኬዳል፤ በእጅ ይያዛል፣ ይመዘናል። ለቁጥር ዝርዝር ግን ማን ይከፍላል? ጥያቄው የምር ነበር። መልሱም የታወቀ አልነበረም።

ጄኒንግስ ማይክሮቼስን በ10 ዶላር አቀረበው። ለኪም-1 ባለቤቶች በሚታተም ትንሽ ጋዜጣ ላይ አስተዋወቀ። የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞች በፖስታ የላካቸው ዲሴምበር 18 ቀን 1976 ነው። ገዢው የሚደርሰው መጽሔት መሰል ጥራዝ ነበር፤ መመሪያውና የፕሮግራሙ ቁጥሮች የታተሙበት። ቁጭ ብላችሁ 924 ባይት በእጃችሁ ታስገባላችሁ። አንዱን ከተሳሳታችሁ አይሠራም። ካሴት የፈለገ ይጨምራል።

በዚህ መሐል የኪም-1ን ቺፕ ከሠሩት ዋና መሐንዲስ ከቸክ ፔድል ጥያቄ መጣለት። የፕሮግራሙን መብት በሙሉ በ1,000 ዶላር እንግዛህ። አንድ ሺህ ዶላር መቶ ቅጂ መሸጥ ማለት ነው። ለትርፍ ጊዜ ሥራ መጥፎ ገንዘብ አልነበረም። ጄኒንግስ እምቢ አለ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ቆም ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን ማንም ሰው የቤት ኮምፒውተር ጨዋታ ስንት ሊሸጥ እንደሚችል አያውቅም፤ ገበያው ራሱ ገና አልተፈጠረም። እምቢታው በስሌት የተደገፈ ሊሆን አይችልም። ያለው ነገር ቢኖር ፖስታ ቤት በኩል አሥር አሥር ዶላር የሚልኩ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

አንድ ከተማ፣ ሁለት ታሪክ

በኦገስት 1977 ሁለተኛው የኮምፒውተሮች የዓለም ቼዝ ሻምፒዮና ተካሄደ። ቦታው ቶሮንቶ፤ የጄኒንግስ ከተማ። ያሸነፈው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ቼስ 4.6 ነበር፤ የሚሠራው በዘመኑ ከነበሩት ኃይለኛ ማሽኖች በአንዱ በሲዲሲ ሳይበር ላይ። በዓመቱ እዚያው ቶሮንቶ ዴቪድ ሌቪ የሚባለው የስኮትላንድ ተጫዋች፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም ኮምፒውተር አያሸንፈኝም ብሎ በ1968 የገባውን ውርርድ የፕሮግራሙን ተተኪ አሸንፎ ወሰደ። ጋዜጦች የጻፉት ስለዚህ ነው። የጉልበት ታሪክ ማለት ይሄ ነው።

የቤቱ ታሪክ ግን በዚያው ሰሞን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። 1977 አፕል 2፣ ኮሞዶር ፔት እና ቲአርኤስ-80 የወጡበት ዓመት ነው። ስክሪንና ኪቦርድ ያላቸው፣ ከሱቅ የሚገዙ ኮምፒውተሮች። ሱቅ የገባ ሰው ማሽኑን አይቶ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ «ምን ይሠራል?» ለዚህ ጥያቄ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም የሚል መልስ ያስፈልግ ነበር። ቼዝ ይጫወታል። እናቴም ትረዳዋለች፣ ጎረቤትም ይረዳዋል። ኮምፒውተር ያስባል ወይ የሚለውን የፈላስፎች ክርክር ሰው በጥቂት ዶላር ቤቱ ወስዶ በራሱ ይሞክረዋል።

ዳን ፊልስትራ የሚባል ሰው ቦስተን አካባቢ ፐርሰናል ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት ጀምሮ ነበር። ጄኒንግስ ሸሪክ ሆኖ ገባ። ማይክሮቼስ ለአዲሶቹ ማሽኖች ተጻፈ። ሜሞሪ ሲጨምር ካስሊንጉም ገባ፣ ሰሌዳውም ስክሪን ላይ ተሳለ። ኮሞዶር ደግሞ በ1978 ቼስሜት የምትባል ለብቻዋ የምትሸጥ የቼዝ ማሽን አወጣ፤ ውስጧ ያለው የጄኒንግስ ፕሮግራም ነው። ማይክሮቼስ በድምሩ ከ50,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። የቤት ኮምፒውተር ጨዋታ እዚያ ቁጥር ሲደርስ የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ ይነገራል።

በጉልበት ግን ብዙም አልቆየም። በማርች 1978 ሳን ሆዜ ላይ በተደረገ የማይክሮ ኮምፒውተሮች ውድድር ዳንና ካቲ ስፕራክለን የሚባሉ ባልና ሚስት የጻፉት ሳርጎን አሸነፈ። ሳርጎን የተሻለ ተጫዋች ነበር። ከሳርጎን የተሻለም መጣ። ማይክሮቼስ በዚያ ሩጫ ውስጥ ተረሳ፤ መረሳቱም ፍትሐዊ ነው። እሱ የሠራው ሌላ ሥራ ነው። ሰው ለፕሮግራም እንደሚከፍል አሳየ፤ በሩን የከፈተው እሱ ነው፣ ሳርጎንም የገባው በዚያው በር ነው።

ሰንጠረዥና ሰንጠረዥ

አሁን ገንዘቡ የት ሄደ?

በ1978 ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል የሚማረው ዳን ብሪክሊን አንድ ሐሳብ መጣለት። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ አንዲት ቁጥር ስትቀየር ተከትለው የሚመጡትን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ አለበት። ሰሌዳው ራሱ ቢያሰላስ? ፊልስትራ አፕል 2 ኮምፒውተር አዋሰው፤ ብሪክሊን በእሷ ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ ሠራ። ከዚያ ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሙሉውን ጻፉት። ፐርሰናል ሶፍትዌር በ1979 መጨረሻ ላይ ቪዚካልክ ብሎ ለገበያ አቀረበው። የመጀመሪያው የቤት ኮምፒውተር ስፕሬድሺት ይሄ ነው። ኤክሴል የልጅ ልጁ ነው። ነጋዴዎች ቪዚካልክን ለመጠቀም ሲሉ አፕል 2ን ይገዙ ነበር። ኮምፒውተር ከአማተር ጠረጴዛ ወደ ቢሮ የገባው በእሱ ነው።

ድርጅቱ ቪዚካልክን ለማሳደግና ገበያ ለማውጣት አቅም ያገኘው ደግሞ ከማይክሮቼስ ሽያጭ ነው።

አማርኛ ይህን ታሪክ ከማንም አሳጥሮ ይናገረዋል። ሰንጠረዥ የምንለው የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ ነው፤ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን በሚያንቀሳቅሱበት ወረራ የሚጀምረውን። ቃሉ ከዐረቡ ሸጥረንጅ፣ እሱም በፋርስ በኩል ከሳንስክሪቱ ቻቱራንጋ የመጣ ነው። ከዚያ ደግሞ የመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ «ሰንጠረዥ 1»፣ «ሰንጠረዥ 2» እየተባለ የሚወጣው በረድፍና በዓምድ የተከፈለ መረጃም ሰንጠረዥ ነው። ካሬ ካሬው ስላመሳሰላቸው ቋንቋው አንድ ስም ሰጣቸው። በሌሎች ቋንቋዎች አንድ አንቀጽ የሚፈጀውን ነገር በአማርኛ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ ሰንጠረዥ ተሽጦ ሰንጠረዥ ተሠራ። ቪዚካልክ ላይ እያንዳንዱ ካሬ የሚጠራው በፊደልና በቁጥር መሆኑ፣ ቼዝ ላይም እንዲሁ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። ግን ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

ላጋንን አልፈልግም። ማይክሮቼስ ባይኖር ቪዚካልክ አይኖርም ነበር ማለት አይቻልም። ሐሳቡ የብሪክሊን ነው፣ ኮዱ በአብዛኛው የፍራንክስተን ነው። ገንዘብ ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችል ነበር። ፐርሰናል ሶፍትዌርም ቢሆን መጨረሻው አላማረም። ስሙን ቪዚኮርፕ ብሎ ቀየረ፣ ከቪዚካልክ ሠሪዎች ጋር ፍርድ ቤት ቆመ፣ በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ገበያውን ወሰደበት። እኔ የምለው የሆነውን ነው። የሆነው ደግሞ ጨዋታው ቀድሞ መጣ፤ ቁም ነገር የሚባለውን ሥራ ያበላው እሱ ነው።

«ጨዋታ ነው እኮ»

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ይባላል። ጌም እሠራለሁ ያለ ወጣት ፕሮግራመር ቤተሰብ ፊት ሲቀርብ የሚሰማው መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጨዋታ ነው እኮ፤ ተው፣ ደህና ነገር ሥራ። ደህና ነገር ማለት የባንክ ሲስተም፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የገቢዎች ፎርም ነው። ለእነዚህ ክብር አለኝ፤ እንጀራዬም ከእነሱ ነው። ግን የሙያችንን ታሪክ ወደኋላ ስታነቡት ቅደም ተከተሉ ብዙውን ጊዜ ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ለፕሮግራም ገንዘብ መክፈልን፣ ለፕሮግራም መመሪያ መጻፍን፣ ያንኑ ሥራ ለተለያየ ማሽን እያስማሙ መሸጥን ከተለማመዱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መሐል የጨዋታ ሠሪዎችና የጨዋታ ገዢዎች አሉ። ጨዋታ ላይ ሰው ይታገሣል። 924 ባይት በእጁ ያስገባል። ደሞዝ ለማስላት ይህን የሚያደርግ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

የማይክሮቼስ ሌላው ትምህርት ስለ መጠን ነው። ያን ጊዜ አንድ ምክንያታዊ ሰው ጄኒንግስን «ቆይ፣ ሜሞሪ ይርከስ» ሊለው ይችል ነበር። እውነትም በሁለት ዓመት ውስጥ ረክሷል። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሳርጎንም ደርሷል። የጎደለ ቼዝ በ1976 መሸጡ ሙሉ ቼዝ በ1978 ከመሸጥ የሚለይበት ነገር አለ፤ ያኔ ሌላ ማንም አልነበረም። እኛ ጋ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ የሰው ስልክ ቦታ የለውም፣ ዳታ ውድ ነው እያልን የምናማርርባቸው ገደቦች አሉ። ገደቦቹ እውነት ናቸው። የኪም-1ም 1,152 ባይት እውነት ነበር። ጄኒንግስ ገደቡን እንደ ማመካኛ ሳይሆን እንደ ሥራው መመዘኛ ነው የያዘው። ምን ልጣል? ካስሊንግን። ምን ልያዝ? ሰው አንድ ጨዋታ ከጀመረ እስኪጨርስ የሚያቆየውን።

በዚያ መንገድ የሄዱ ሌሎችም አሉ። እንግሊዝ ውስጥ ዴቪድ ሆርን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሲንክሌር ዜድኤክስ81 በ672 ባይት ቼዝ ጻፈ። ከዚያ የሚያንስ ለመሥራት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ፤ በ2015 ቡትቼስ የሚባል ፕሮግራም በ487 ባይት መጣ። እነዚህ ፕሮግራሞች ለሻምፒዮን አይመጥኑም። ማንም እንዲመጥኑ አልጠበቀም።

የጉልበቱ ታሪክ ተጠናቋል ማለት ይቻላል። ዛሬ በነፃ የሚወርድ የስልክ ፕሮግራም የዓለም ሻምፒዮኑን ይረታል፤ ማንም አይገርመውም። የማይክሮቼስ ኮድ ግን አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ከነማብራሪያው። ኪም-1ን አስመስለው የሚሠሩ ፕሮግራሞችም በነፃ ይገኛሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ ሰሌዳ ዘርግታችሁ ሞክሩት። ታሸንፉታላችሁ። ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በርተው የእሱን ወታደር በእጃችሁ ስታንቀሳቅሱለት፣ በ1976 አንድ ሰው አሥር ዶላር ፖስታ ውስጥ ከትቶ የላከው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።